አሥራ አንድ ቀዳዳ

መኩሪያ የሚጠላው ሰው ብዙ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን ይጠላል። ሚኒባሱን ከግቢው ፊት ለፊት አቁሞ የሚያጥበውን ሹፌር ይጠላል። ታሪክን ከስልክ ላይ የሚለቃቅም ወጣትን በሙሉ ይጠላል። ይሄ ሁሉ ግን የዕለት ጥላቻ ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ ምሳ ሰዓት ላይ ይበርዳል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይበርድ የቆየው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመናፈሻው ዘበኛ በንቲ ነው።

በንቲም ውለታውን ይመልሳል። ከለቡ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራው የሐይቅ መናፈሻ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከሠራተኞቹ በቀር የሚገባ ሰው ቢኖር መኩሪያ ብቻ ነው፤ የቦታውን ታሪክ ጻፍ ተብሎ ፈቃድ ተሰጥቶታል። በንቲ ግን ይሄን የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ በየጠዋቱ በር ላይ አቁሞ ይፈትሸዋል። ፍተሻውም የይስሙላ አይደለም፤ ብብቱን፣ ወገቡን፣ የካልሲውን አንገት ሳይቀር ይዳብሳል። የመነጽር ማኅደሩን ያስከፍታል። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ውስጡን ያያል።

«ትናንት የፈተሽከኝ ሰው እኮ ነኝ!» ይላል መኩሪያ።

«ትናንት ሌላ ቀን ነው፣ አቶ መኩሪያ። እጅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ሲለው በንቲ ብቻ «አቶ» ይለዋል። አባባሉም የአክብሮት አይደለም፤ ችሎት ላይ የተከሳሽ ስም እንደሚጠራው ያለ ነው። መኩሪያ እጁን ያነሣል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ያልፋል። የእብነ በረዱ ነገር ባይኖር ኖሮ አንድ ቀንም ባልቆመለት።

የእብነ በረዱ ነገር እንዲህ ነው። መኩሪያ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሪክ አስተምሯል። በእነዚህ ዓመታት ስሙ የታተመው በደመወዝ መክፈያ ላይ ብቻ ነው። ስለ አካባቢው ታሪክ የጻፈው ሦስት መቶ ገጽ ከአልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ አይጥ ይበላዋል። አሁን ግን የመናፈሻው ኃላፊ ማርቲ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ እየሄደች የምታወራ እያወራች የምትሄድ ልጅ፣ በሩ ላይ ትልቅ የእብነ በረድ ሰሌዳ እንደሚቆም ነገረችው። ታሪኩ ተቀርጾበት ከሥሩ «ጥናት፦ መምህር መኩሪያ» ይላል። መኩሪያ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለተሾመች እንኳ ሳይነግራት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብቻውን ሳቀ።

ችግሩ ሐይቁ ታሪክ የለውም። ሐይቅ ይባል እንጂ ጉድጓድ ነው፤ ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ካባ። የሚኒባስ ረዳቶች እስከ ዛሬም «ካባ ጋ ወራጅ አለ!» ነው የሚሉት። የመኩሪያ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ራሱ የቤቶቹን መሠረት የጣለው ከዚሁ ካባ በወጣ ድንጋይ ነው። ግን ይሄ ምኑ ይጻፋል? ሰው ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሰሌዳ ሲመጣለት «እዚህ ቦታ ሲኖትራክ ድንጋይ ይጭን ነበር» ብሎ ሊያስቀርጽ ነው?

«ጎብኚ ውሃ ብቻ አይቶ አይረካም ጋሼ፤» አለችው ማርቲ። «የሚጠጋው ነገር ይፈልጋል። ፎቶ የሚነሣበት፣ ታሪክ ያለው ነገር።»

መኩሪያ ያን ነገር አገኘ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ወደዚያ ጉድጓድ ዝር ብሎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ሲያየው በምሥራቅ በኩል፣ ከውሃው ዳር፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል ድንጋይ ብቻውን ቆሟል። ተንከባሎ የመጣ አይደለም፤ ሰው ነው ያቆመው። በአንዱ ጎኑ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉበት፤ እያንዳንዱ ለሁለት የተሰነጠቀ የቧንቧ ግማሽ ይመስላል። ቆጠራቸው። አሥራ አንድ። ልቡ ዘለለ። የጢያን ትክል ድንጋዮች ስንት ጊዜ ተማሪ ይዞ ሄዶ አይቷል! ይሄ የእነሱ ዘመድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በተሾመች የልብስ ስፌት ሜትር ቁመቱን ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለውን ሳይቀር ለካ። የአሥራ አንዱን ምሥጢር ሲመረምር አንድ ሳምንት ከረመ። በመጨረሻም ዘጠኝ መቶ ዓመት ሰጠው፤ ሲሰጥ ማን ከለከለው!

ጽሑፉን ለማርቲ ሲያሳያት ደስ አላት፤ ግን ወዲያው ሁለት ነገር ነገረችው። «ድንጋዩ ያለበት ቦታ የጀልባ መሳፈሪያ ሊሠራበት ነው። ማክሰኞ ዶዘር ይመጣል። ታሪክ ካለው አጥር አጥረንለት መሳፈሪያውን ወደዚያ ማዶ እናዞራለን፤ ከሌለው ግን ይነሣል። ስለዚህ ከማክሰኞ በፊት ያልቅ።»

«አለቀ በይው። ሁለተኛውስ?»

«ሁለት የአገር ሽማግሌ መፈረም አለበት። አንዱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ መሆን አለበት፤ መመሪያ ነው።»

አንዱን ፊርማ መኩሪያ ከቤት ሠሪዎቹ ማኅበር ጎረቤቱ በአምስት ደቂቃ አገኘ። እዚሁ ተወልዶ ያደገውን ግን ከየት ያምጣ? ካባው ሲከፈት፣ ቤቱ ሲሠራ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ የድሮዎቹ ገበሬዎች እየተነሡ አንዱ ፉሪ፣ አንዱ ከፉሪ ወዲያ ሄደዋል፤ የቀሩትም አርጅተው ቤት ውለዋል።

«ምን ያደክምዎታል ጋሼ፤» አለች ማርቲ። «ተወላጁ በራችን ላይ ነው ያለው። በንቲ።»

መኩሪያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምን ይበላት?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። መኩሪያ አልረሳም። ከመርሳት የባሰ ነው ያደረገው፤ ትክክል ነበርኩ ብሎ ደምድሞ ዶሴውን ዘጋ። ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው። በንቲ ሮበሌ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በካባው ውስጥ ድንጋይ ፈላጭ። የካባው ግድግዳ ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተናደበት። ሎደር መጥቶ ሁለት ቀን ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን ከሥር ውሃ መነጨ፤ ከላይም ዝናቡ አላባራ አለ። የካባው ባለቤት ሎደሩን ጭኖ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። መስከረም ሲጠባ ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር። ሬሳው አልወጣም።

በንቲ ያኔ የሰፈሩ እድር አባል ነው፤ መኩሪያ ደግሞ የእድሩ ዳኛ። በንቲ ጭቃ እንደ ለበሰ መጥቶ ድንኳን ጠየቀ። መኩሪያ መነጽሩን አደረገ፣ የእድሩን ደንብ አወጣ፣ የግቢው በር ላይ እንደ ቆመ አነበበለት። አንቀጽ አሥራ አራት። ድንኳን የሚወጣው የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ነው።

«ቀብር የለም። ቀብር በሌለበት ድንኳን አይወጣም።»

«ወንድሜ እኮ ተቀብሯል፣ ጋሼ፤» አለ በንቲ። ያኔ ጋሼ ነበር የሚለው። «ከማንም ሰው በላይ ተቀብሯል። ከዚህ በላይ የት ይቀበርልዎት?»

«ደንብ ደንብ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ አላፈርስም።»

እናታቸው ጫልቱ ካባው አፋፍ ላይ ላስቲክ ተከናንባ ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ተቀመጠች። መኩሪያ ለቅሶ አልደረሰም፤ ዳኛው ከሄደ እድሩ አወቀው ማለት ነው ብሎ አሰበ። ዳኛው አልሄደምና አባሉም አልሄደ። በአራተኛው ቀን በንቲ የእድር ደብተሩን በመኩሪያ አጥር ላይ ወርውሮ ሄደ። ደብተሩ የወደቀው ተሾመች ልብስ የምትዘፈዝፍበት ሳፋ ውስጥ ነበር።

እሳትና ጭድ የሆኑት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። መኩሪያ በንቲን ባየ ቁጥር አንድ ነገር ደረቱን ይነክሰዋል፤ ያንን የሚነክሰውን ነገር ደግሞ ጥላቻ ነው ብሎ ስም አወጣለት።

ሰኞ ዕለት፣ ዶዘሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መኩሪያ ወረቀቱን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ስድቡን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ በንቲ እንቢ እንደሚል ጥርጥር አልነበረውም። በንቲ እንደ ልማዱ ዳበሰው፣ እስክሪብቶውን አየ፣ መለሰለት።

«ፊርማህን እፈልጋለሁ፤» አለ መኩሪያ። «ስለ ድንጋዩ ነው።»

በንቲ እጁ ባለበት ቀረ። «የትኛው ድንጋይ?»

«የትኛው ይኖራል? ምሥራቅ በኩል የቆመው።»

«ያንብቡልኝ።»

«ራስህ ማንበብ ትችል የለም?»

«እችላለሁ። እርስዎ ሲያነቡ መስማት ነው የምፈልገው። ንባብ ያውቁበታል።»

መኩሪያ ነገሩ ገባው፤ የአንቀጽ አሥራ አራቱን ንባብ ነው የሚያነሣው። ዞሮ ሊሄድ ቃጣው። ግን ዶዘር ነገ ነው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። የዘጠኝ መቶ ዓመቱን አነበበ፤ አሥራ አንዱ ቀዳዳዎች በአሥራ አንድ ጦርነት የወደቁ ጀግኖችን ሳያመለክቱ እንደማይቀር አነበበ። በንቲ ውሃ ውሃውን እያየ ሰማው።

«ማን ነው የጠረበው አሉ?»

«ስማቸው የማይታወቅ የጥንት ሰዎች።»

«ስማቸው የማይታወቅ፤» አለ በንቲ ቀስ ብሎ። «ይሄ ከተጻፈ ድንጋዩ አይነሣም?»

«ማን ነክቶት! በብረት ይታጠራል። ቅርስ ነው።»

በንቲ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ። ስሙን በሙሉ፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጽፎ ፈረመ። መኩሪያ ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ቤቱ ሲገባ ድሉን ለተሾመች አበሠራት። ተሾመች ጎመኗን እየቀነጠሰች ቀና ብላ አየችው።

«በንቲ? ዝም ብሎ ፈረመልህ?»

«የት አባቱ ያመልጣል! ታሪክ ፊት ሲቆም ማንም ይፈርማል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በንቲ እሳት ቢይዝህ እንኳ ውሃ የሚደፋብህ ሰው አይደለም። የሆነ ነገር ቢያገኝበት ነው።»

«ቅናት ነው ይሄ። ለስሜ መውጣት ትቀኛለሽ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

መናፈሻው በተመረቀ ቀን ሰዉ ከለቡም ከጎፋም ጎርፎ መጣ። ጀልባዎቹ ከማዶ በኩል ተደርድረዋል። ሰሌዳው ሲገለጥ መኩሪያ ስሙን አየ፤ ፊደሎቹ በወርቅማ ቀለም ተሞልተዋል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም። ድንጋዩም በብረት ታጥሮ፣ ሣር ተተክሎለት፣ ሰው ከፊቱ እየተሰለፈ ፎቶ ይነሣል። መኩሪያ አጠገቡ ቆሞ የሚጠይቀውንም የማይጠይቀውንም እየያዘ ያስረዳል። በንቲ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል። ዛሬ በቅናት ልፈንዳ አትልም፣ አለ መኩሪያ በልቡ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መካከል ወጣ። አባይነህ እባላለሁ አለ፤ ጎፋ የሚኖር፣ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ተጨፍልቆ የዳነ ነው። እጁን በብረቱ አጥር አሾልኮ አንዱን ቀዳዳ በዚያች ጣቱ ዳበሰ፤ ቀጥሎ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«ዘጠኝ መቶ ዓመት ነው ያልከው፣ መምህር?»

«ቢያንስ።»

«ይሄ እኮ የሽብልቅ ቀዳዳ ነው። ድንጋይ እንዴት የሚሰነጠቅ ይመስልሃል? በመሮ በመስመር ትበሳዋለህ፣ በየቀዳዳው የብረት ሽብልቅ ትከታለህ፣ ከዚህ እስከዚያ እየተመላለስክ በመዶሻ ትመታለህ፤ ለሁለት ይከፈላል። ቀዳዳውም እኩል እኩል ይካፈላል፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያኛው ላይ።»

«የጥንት ሰዎችም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፤» አለ መኩሪያ። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

«ቆይ።» አባይነህ ሳቁን አቁሞ ጎንበስ አለ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ፊት ነበር። «ወይኔ። ቀዳዳው ወደዚህ አጋድሏል አየህ? እያንዳንዱ ፈላጭ የራሱ እጅ አለው፤ ልክ እንደ ጽሕፈት ነው። እዚህ ካባ ውስጥ እንዲህ የሚበሳ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ መዶሻ በግራ እጁ የሚይዝ። ሮበሌ። ያን ቀን ሲሠራው የነበረው ድንጋይ ነው ይሄ። እኔ ከላይ ነበርኩ። ስንጥቁ ሲለቅ ይሄኛው ግማሽ ወደዚህ ተገለበጠ፤ ሌላው ግማሽ ከእሱ ጋር ከሥር ቀረ።» በጋቢው ጫፍ አፍንጫውን ጠረገ። «ይሄን ያቆመው ወንድሙ ነው። በገመድ፣ አራት ሆነን። ቁጥቋጦ ስለዋጠው የት እንዳለ ረስቼው ነበር።»

መኩሪያ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንንም አላስረዳም። ወደ ቤቱ ሄዶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ተሾመች ልብስ አስጥታለች። የሳፋዋ ውሃ ፈስሶ የቤቱን መሠረት ድንጋይ አርሶታል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ ደግሞ ከወትሮው ጠቁሮ ነው የሚታየው። መኩሪያ ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ በአንዱ ድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ ሰባት ግማሽ ቀዳዳ በመስመር ተደርድሯል። ወደዚያው ያጋደለ። ተነሥቶ ቤቱን ዞረ። በጓሮ በኩል ሌላ አገኘ፤ በደረጃው ሥር ሌላ። አራት ድንጋይ ቆጥሮ ተወው። የዘጠኝ መቶ ዓመት ጽሕፈት አነብባለሁ የሚል ሰው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ራሱን ያሳረፈበትን አላነበበም። ያኔ ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም። ያ ደረቱን ሲነክሰው የኖረው ነገር ስሙ ጥላቻ እንዳልሆነ ያን ቀን አወቀ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው ተሾመች።

«ምንም።»

ሰኞ ጠዋት ለማርቲ ደብዳቤ ጽፎ ሄደ። ስሕተቱን አምኗል፤ ሰሌዳው ይነሣ ብሏል፤ የሮበሌን ስምና የሞተበትን ቀን ጽፏል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ እንግዲህ ይውጣልኝ ብሎ ነው የተነሣው። በሩ ላይ እንደ ልማዱ እጁን ከፍ አደረገ። በንቲ ግን አልነካውም።

«ዛሬ አትፈትሸኝም?»

«የያዙት ነገር ፊትዎ ላይ አለ። አባይነህ ነገረኝ።» እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን።»

መኩሪያ ሰጠው። በንቲ ቆሞ አነበበ፤ የወንድሙ ስም ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤» አለ መኩሪያ።

«እኔው ነኝ ያቆምኩት። እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ? ለምን መሳቂያ አደረግኸኝ?»

«እርስዎ መሳቂያ ቢሆኑ ባይሆኑ ለእኔ ምኔ ነው? ዶዘሩ ማክሰኞ ነበር የሚመጣው። ማርቲን ሦስት ጊዜ ለመንኳት፤ የወንድሜ ድንጋይ ነው አልኳት። አዝናለሁ አለችኝ፤ የግለሰብ መታሰቢያ መናፈሻ ውስጥ አይፈቀድም፣ መመሪያ ነው አለችኝ። እነሱም እንደ እርስዎ ደንብ አላቸው። እርስዎ ደግሞ ያን ወረቀት ይዘው መጡ።»

«አሁን እውነቱን ከጻፍኩ—»

«እውነቱን ከጻፉ ድንጋዩ ይነሣል። ጀልባ የሚሳፈር ሰው ከሥሩ ሰው እንዳለ አውቆ ይሳፈራል? በአንድ ቀን ነው የሚያነሡት። እናቴ እዚያ ሌላ የምታየው ነገር የላትም።»

መኩሪያ አንድ እርምጃ ቀረበ። «በንቲ፣ ያኔ ያደረግሁት…»

«እንዳትጨርሳት።» በንቲ ወረቀቱን ለአራት ቀደደና ኪሱ ከተተው። በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። «ስማኝ መኩሪያ። ይቅርታህን አልፈልግም፤ ለራስህ አስቀምጠው። ማርቲ በየቅዳሜው ተማሪ እየተቀበልክ እንድታስረዳ ነግራሃለች አይደል?»

«አልችልም እላታለሁ። አርጅቻለሁ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ እላታለሁ። ከእንግዲህ እዚያ ቆሜ እንዴት ልዋሽ?»

«ትቆማለህ። ለቅሶ አልደረስክም። እናቴ ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ስትቀመጥ አንተ መነጽርህን እየጠረግህ ቤትህ ነበርክ። አሁን ትደርሳለህ። በየቅዳሜው በእግርህ መጥተህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ ድንጋዩ ፊት ትቆማለህ።»

«እስከ መቼ?»

«ሬሳው እስኪወጣ።»

መኩሪያ አሁን የሚነበብ አንቀጽ አልነበረውም።

«አንድ ነገር ደግሞ፤» አለ በንቲ። «ስሙ ሰሌዳ ላይ እንዳይጻፍ ያልኩት ድንጋዩ እንዳይነሣ ነው፤ ይሄኛው ግን ለእኔ ነው። የወንድሜን ስም በአፍህ እንዳትጠራ።»

ቅዳሜ ተማሪዎቹ መጡ፤ አርባ የሚሆኑ፣ ከጎፋ፣ ዩኒፎርም የለበሱ። መኩሪያ ባርኔጣውን አውልቆ ከድንጋዩ ፊት ቆመ። ፀሐዩ መላጣውን ይጠብሰዋል። ከልጆቹ ኋላ በንቲ ቆሟል፤ አጠገቡ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት በነጠላ ተሸፍና ተቀምጣለች። መኩሪያ ማን እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ዘጠኝ መቶ ዓመቱን ተናገረ፤ ጀግኖቹን ተናገረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲያስተምር እንዲህ ምላሱ ከብዶት አያውቅም።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቀዳዳዎቹ ለምንድነው ወደ አንድ ጎን ያጋደሉት?»

መኩሪያ ወደ በንቲ አየ። ይሄን አትናገር አላለውም ነበር።

«የጠረበው ሰው መዶሻውን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር ነው።»

አሮጊቷ ቀና አለች።

«እኔም በግራ እጄ ነው የምጽፈው!» አለች ልጅቷ፤ ጓደኞቿ ሳቁ። ደብተሯን ገልጣ እስክሪብቶዋን በግራ እጇ አዘጋጀች። «ስሙ ማን ነው?»

ስሙ ምላሱ ላይ ነበር። ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በንቲ ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ።

«ስሙ አይታወቅም፤» አለ መኩሪያ።

ልጅቷ ጻፈችው።

«ጮክ ይበሉ፣ አቶ መኩሪያ፤» አለ በንቲ ከኋላ። «እዚህ ያለነው አልሰማንም።»

መኩሪያ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ስሙ አይታወቅም!» አለ።